የዳንኤል መስኮትና የዳንኤል መዝገብ

ውድ ልጆቼ፣

ስለ መንፈሳዊ ሕይወት ሊያማክሩኝ የሚመጡ ወጣቶች አነጋገሩን እየለዋወጡ የሚያነሡልኝ አንድ ጥያቄ አለ። «በእምነቴ እያደግሁ ነው ወይስ ባለሁበት እየረገጥሁ? በምን አውቃለሁ?» ይላሉ። አስከትለውም የሚያስጨንቃቸውን ይነግሩኛል። ቀድሞ ሲጸልዩ እንባቸው ይቀድማቸው ነበር፤ አሁን ዓይናቸው ደርቋል። መዝሙር ሲሰሙ ልባቸው ይቀልጥ ነበር፤ አሁን ዜማው ከጆሯቸው አያልፍም። ቃሉን ሲያነቡ ሐሳባቸው ይበተናል። ከዚህ ተነሥተው «እግዚአብሔር ርቆኛል» ይላሉ።

ስለ ነፍሱ የሚጨነቅ ወጣት ሳገኝ ደስ ይለኛል። የያዙት መለኪያ ግን ያሳስበኛል። እንባ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ሲመጣ አመስግኖ መቀበል፣ ሲዘገይም አለመደንገጥ ይገባል። ዕድገቱን በስሜቱ የሚመዝን ሰው ጠዋት ጻድቅ፣ ማታ ኃጥእ እየሆነ ይኖራል፤ ዕረፍት የለውም።

እኔ በሙያዬ ኦዲተር ነበርሁ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ የሌሎችን ሒሳብ መመርመር ነበር። ምናልባት ከዚህ የተነሣ ይሆናል፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ስፈልግ ዘወትር የምመለሰው ወደ ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 6 ነው። ብዙዎቻችን ይህን ምዕራፍ የምናውቀው በአንበሶቹ ጉድጓድ ነው። አንበሶቹ ግን የሚመጡት ዘግይተው ነው። ምዕራፉ የሚጀምረው በመሥሪያ ቤት ነው።

ንጉሡ ዳርዮስ በመንግሥቱ ላይ 120 መሳፍንት ሾመ፤ በእነርሱም ላይ ሦስት አለቆች አደረገ፤ ከሦስቱ አንዱ ዳንኤል ነበር። የአለቆቹ ሥራ ምን እንደ ነበረ መጽሐፉ አልደበቀንም፤ ንጉሡ እንዳይጎዳ መሳፍንቱ ለእነዚህ አለቆች ሒሳብ ይሰጡ ነበር። ነቢይ ብለን የምናከብረው ዳንኤል በዚያ ዕድሜው ጠዋት ወጥቶ የሚገባበት ሥራ የመንግሥት ሒሳብ መቆጣጠር ነበር ማለት ነው። ንጉሡ ከሁሉ በላይ ሊያደርገው ባሰበ ጊዜ ባልደረቦቹ ጥፋት ሊያገኙበት ተነሡ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። እኛ ኦዲተሮች ሰነድ ሁሉ አንገለብጥም፤ ናሙና እንወስዳለን። ከመዝገብ ወደ ደረሰኝ፣ ከደረሰኝ ወደ መዝገብ እየሄድን እናጣራለን። የምንፈልገውም ታላላቅ ነገር አይደለም። ቀናቸው በወራት የሚራራቅ ሦስት ደረሰኞች ተራ ቁጥራቸው ተከታታይ ሆኖ ሲገኝ፣ ሦስቱም በአንድ ቀን ተቀምጦ የተጻፉ መሆናቸውን እንጠረጥራለን። ብዙ ሰው የሚያዘው እንዲህ ባለ ጥቃቅን ነገር ነው። የዳንኤል መርማሪዎች ግን በደመወዝ የሚመረምሩ አልነበሩም፤ ውድቀቱን የሚመኙ ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ መርማሪ በናሙና አይወሰንም፣ የመጨረሻዋን ወረቀት ሳያይ አይተኛም። ያገኙትን መጽሐፉ ሲናገር «የታመነ ነበረና ስሕተትና በደል አልተገኘበትም» ይላል። አልሰረቀም ብቻ አይደለም የተባለው፤ ሥራውን በቸልታ አልሠራም ነው። በመጨረሻም ተስፋ ቆርጠው፣ በአምላኩ ሕግ ካልሆነ በቀር ሰበብ አናገኝበትም ተባባሉ። በሥራ ዘመኔ ብዙ የምስክር ወረቀት አይቻለሁ፤ ከጠላት አፍ የወጣ እንዲህ ያለ ምስክርነት ግን አላየሁም።

የጸሎቱ ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለሠላሳ ቀን ከንጉሡ በቀር ለማንም እንዳይለመን ዐዋጅ ወጣ። ዳንኤል ዐዋጁ መጻፉን ባወቀ ጊዜ ወደ ቤቱ ገባ፤ መስኮቶቹ ወደ ኢየሩሳሌም አንጻር ተከፍተው ነበር፤ «ቀድሞም ያደርግ እንደ ነበረ» በቀን ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ ጸለየ፣ አመሰገነም። የጸዳው መዝገብና የተከፈተው መስኮት በአንድ ምዕራፍ ውስጥ፣ በአንድ ሰው ላይ መገኘታቸው እንዲያው የተገጣጠመ አይመስለኝም። ለእናንተ የምጽፈውም ይህንኑ ነው። ሁለቱን አትለያዩአቸው። መስኮቱ ተከፍቶ መዝገቡ የቆሸሸ ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ ሲጸልይ ቤቱ ይንቀጠቀጣል፣ ከእርሱ ጋር የሚሠሩ ግን ገንዘባቸውን ቆጥረው ይቀበሉታል። መዝገቡ የጸዳ፣ መስኮቱ ግን የተዘጋ ሰውም አለ፤ እርሱ ደግሞ ሐቀኝነቱን በገዛ ጉልበቱ ተሸክሞ ሲሄድ ይደርቃል፣ በሌሎች ላይም ይመረራል።

ስለዚህ «እያደግሁ ነው ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ራሳችሁን ብቻ አትጠይቁ። በሙያችን ማንም የገዛ ራሱን ሒሳብ ኦዲት አያደርግም። ይህ ሕግ የወጣው ሰው ሁሉ ሌባ ስለሆነ አይደለም፤ ሰው የራሱን ጉድለት ለማየት ዓይኑ ስለሚደክም፣ አንዳንዱ ደግሞ የሌለበትን ጉድለት ሲቆጥር ስለሚያድር ነው። ከእናንተ በታች የሚሠሩትን፣ አብረዋችሁ የሚኖሩትን፣ ደክማችሁ የምትገቡበትን ቤት ሰዎች ጠይቁ። ስትሳሳቱ ታምናላችሁ ወይ? ቁጣችሁ ካለፈው ዓመት ፈጥኖ ይበርዳል ወይ? ምንም ሊያደርግላችሁ የማይችል ሰው ሲያናግራችሁ ፊታችሁን ታዞራላችሁ ወይ? መልሱን እነርሱ ያውቁታል። ሐዋርያው ጳውሎስ በገላትያ መልእክቱ የመንፈስን ፍሬ ሲዘረዝር ፍቅር፣ ደስታ፣ ሰላም፣ ትዕግሥት፣ ቸርነት፣ በጎነት፣ እምነት፣ የውሃት፣ ራስን መግዛት ይላል፤ አብዛኞቹ ከሰው ጋር ካልተኖረ የማይታዩ ናቸው።

አሁን ስለ መስኮቱ ልንገራችሁ።

ዳንኤል ወደ ባቢሎን የተወሰደው ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ከከበበ በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ605 ገደማ በወጣትነቱ ነው። ባቢሎን በፋርስ እጅ የወደቀችው በ539 ነው። ስለዚህ በምዕራፍ 6 ላይ ያለው ዳንኤል ሰማንያውን የተሻገረ ወይም ወደዚያ የተጠጋ ሽማግሌ ነው። ሥዕሎች ብዙ ጊዜ በአንበሶች መካከል የቆመ ጎልማሳ አድርገው ያሳዩናል፤ እኔ ግን ጉልበቱን ይዞ በቀስታ የሚንበረከክ አዛውንት ይታየኛል። «ቀድሞም ያደርግ እንደ ነበረ» የሚለው ቃል ስድሳ ከሚበልጡ ዓመታት ኋላ የተነገረ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሲጸልይ ልቡ ይሞቅ ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? መጽሐፉ ስለ ስሜቱ ምንም አይነግረንም። የነገረን ሰዓቱን፣ አቅጣጫውንና ጉልበቱን ነው።

አቅጣጫውንም ልብ በሉ። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲመርቅ፣ ሕዝቡ ተማርኮ በጠላት ምድር ሆኖ ወደዚህች ከተማና ወደዚህ ቤት ቢጸልይ ስማ ብሎ ለምኖ ነበር። ዳንኤል በዚያ ጸሎት ላይ ተደግፎ ነው ወደ ኢየሩሳሌም የሚዞረው። ነገር ግን ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። የሚጸልየው ወደ ፍርስራሽ ዞሮ ነው። ጸሎታችሁ የደረቀባችሁ ልጆቼ፣ የምትጸልዩበት ነገር ሁሉ የፈረሰ መስሎ የሚታያችሁ ልጆቼ፣ ይህን ሰው ተመልከቱት። እግዚአብሔር የተስፋውን ቃል አልረሳም ብሎ በየቀኑ መንበርከክ እምነት ይባላል፤ ሌላ የሚጨመርበት የለም።

ስለዚህ የምመክራችሁ ቀላል ነው። ሰዓት ቍረጡ። ረጅም አይሁን፤ ረጅም ሰዓት የሚያቅዱ ወጣቶች በሁለተኛው ሳምንት ሲተዉት አይቻለሁ። ዘወትር ልትጠብቁት የምትችሉትን አጭር ጊዜ፣ ከተቻለ ቀኑ ሳይነካችሁ በፊት ያለውን ያዙ። ስልካችሁን ከክፍሉ አውጡት፤ ድምፁን አጥፍቶ አጠገብ ማስቀመጥ አይበቃም፣ እጅ ሳይታዘዝ ወደ እርሱ ይሄዳል። ድምፃችሁን አውጥታችሁ ጸልዩ፤ ሐሳብ ሲበተን ድምፅ ይሰበስበዋል። በጸሎት መጽሐፍ የሚጸልዩ አሉ፣ በገዛ ቃላቸው የሚጸልዩ አሉ፤ እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ። በመጽሐፍ የሚጸልይ ልቡን ያስከትል፤ በቃሉ የሚጸልይም የራሱን ጉዳይ ብቻ እየደጋገመ እንዳይቀር ይጠንቀቅ።

ቃል ሲያጥራችሁ መዝሙረ ዳዊትን አንሡ። በቀን አንዱን ብታነቡ 150ውን በአምስት ወር ትጨርሱታላችሁ፤ ከዚያ እንደ ገና ጀምሩ። በእነዚያ አምስት ወራት የማታውቁት የሰው ልብ አይቀርም፤ ደስታው፣ ቂሙ፣ ፍርሃቱ፣ ምስጋናው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። በተለይ የጨለመባችሁ ቀን በዕብራይስጡ አቆጣጠር 88ኛውን፣ በግእዙ 87ኛውን መዝሙር ፈልጉ። ሌሎች የልቅሶ መዝሙሮች ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ ወደ ምስጋና ይዞራሉ፤ ይህ ግን በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ያበቃል። ቤተ ክርስቲያን ግን ከመጽሐፉ አላወጣችውም። «የመድኃኒቴ አምላክ» ብሎ የጀመረ ሰው መልስ ሳያገኝ ዝም ቢልም፣ የተናገረው ሁሉ ጸሎት ሆኖ ተቈጥሮለታል። እኔን ይህ መዝሙር በኀዘን ቀን ከብዙ ስብከት ይልቅ ደግፎኛል።

የሰዎችን ስም በወረቀት ጽፋችሁ በመጽሐፍ ቅዱሳችሁ ውስጥ አኑሩ። የምትወዷቸውን መጻፍ አያስቸግርም። የማትወዱትን ባልደረባ፣ የሚያስቸግራችሁን አለቃ ስም ከመካከል ጻፉ። በየቀኑ ስሙን በእግዚአብሔር ፊት የምትጠሩትን ሰው ምሳ ሰዓት ላይ ማማት ይከብዳል። መጀመሪያ የሚለወጠው እርሱ ላይሆን ይችላል።

ጌታችን «መዝጊያህን ዘግተህ ጸልይ» ብሏል፤ ዳንኤል ደግሞ መስኮቱን ከፍቶ ጸለየ። ይህ የሚጋጭባችሁ እንዳይመስላችሁ። ጌታ የነቀፈው በሰው ዘንድ ለመታየት የሚደረገውን ነው። ዳንኤል መስኮቱን ለዐዋጁ ሲል አልከፈተም፤ ቀድሞም ክፍት ነበር። ያን ቀን ቢዘጋው ኖሮ ነበር ለሰው ብሎ የሚያደርገው። ዛሬ ጸሎቱን ለሰው የሚያሳይ ብዙ ነው፣ በፍርሃት የሚዘጋም ብዙ ነው፤ ሁለቱም ዓይናቸው ሰው ላይ ነው። እናንተ ግን ያላችሁትን ጸሎት ቀጥሉ። ሠላሳ ቀን ብቻ እኮ ነው ብሎ ልብ ሲያባብል መስማት ያስፈራል። ይህን ወር ብቻ፣ ይህን ፈተና እስክጨርስ ብቻ፣ ይህን ሥራ እስክይዝ ብቻ እያሉ የተዉት ጸሎት ተመልሶ ሲመጣ ያየሁት በጥቂቱ ነው።

ነህምያን ታውቁታላችሁ፤ ለአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ የነበረውን። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ከሰማ በኋላ አራት ወር ያህል አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» አለው። በጥያቄውና በመልሱ መካከል ያለችው ጊዜ ትንፋሽ ከመሳብ አትረዝምም። ነህምያ በዚያች መካከል «ወደ ሰማይም አምላክ ጸለይሁ» ይላል፤ ቀጥሎ ለንጉሡ መለሰ። ይህች አጭር ጸሎት የሥራ ሰው ጸሎት ናት። ስብሰባ ከመግባታችሁ በፊት፣ የስልክ ጥሪ ከማንሣታችሁ በፊት፣ የተቆጣ ደንበኛ ፊት ለፊት ቆማችሁ በልባችሁ የምትሉት «ጌታ ሆይ እርዳኝ» ከዚህ ወገን ነው። ግን አትሳሳቱ፤ በንጉሡ ፊት ያለችው አጭር ጸሎት ከአራት ወሩ ጸሎት የወጣች ናት።

ወደ መዝገቡ እንሂድ።

አንዲት ወጣት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ያጋጠማትን ነግራኛለች። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ቀናት ቀርተውታል። ግዥ ተፈጽሟል፣ ዕቃው ግን ገና አልገባም። ገንዘቡ እንዳይመለስ የፈራ አለቃ የዕቃ መረከቢያውን ሰነድ ሞልቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና «ዕቃው በሚቀጥለው ሳምንት መግባቱ አይቀርም፤ እንደ ገባ አድርገሽ ፈርሚ፤ ለመሥሪያ ቤቱ ጥቅም ነው» አላት። ልብ በሉ፣ ጉቦ አልቀረበላትም። የሚሰረቅ ነገርም የለም ተብላለች። የሚጠየቀው አንዲት ፊርማ ነው። ልጅቱ ሰነዱን እየተመለከተች ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያም፣ «ዕቃው የገባ ዕለት ቆጥሬ፣ ምሽትም ቢሆን ቆይቼ እፈርማለሁ። እስከዚያ ግን ግዥው መፈጸሙንና ዕቃው በመንገድ ላይ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወሻ ዛሬውኑ አዘጋጅልዎታለሁ፤ ለበላይ አቅርበው መፍትሔ ሊጠይቁበት ይችላሉ» አለችው። አለቃዋ ሰነዱን አንሥቶ ወጣ። በዚያ ዓመት የዕድገት ዝርዝር ውስጥ ስሟ አልገባም።

ይህችን ልጅ ሳስብ ወጣቱ ዳንኤል ይታወሰኛል። በምዕራፍ 1 ላይ የንጉሡን መብል አልበላም ብሎ በልቡ ሲቆርጥ፣ ጠረጴዛ አልገለበጠም። የጃንደረቦቹን አለቃ ለመነ፤ እርሱ ለራሱ ነፍስ እንደሚፈራ ሲነግረውም ፍርሃቱን አልናቀበትም፤ ወደ ጠባቂው ሄዶ «አሥር ቀን ፈትነን» አለ። መንገድ አሳየ። ደግሞ ሁሉን እምቢ አላለም። የባቢሎንን ስም ሲሰጡት ተቀበለ፣ የከለዳውያንን ቋንቋና ጽሑፍ ሦስት ዓመት ተምሮ ከሁሉ በልጦ ወጣ። እምቢ ያለው አንድ ነገር ነው፤ እርሱንም በትሕትና ነው። አንዳንድ ወጣቶች በየጥቃቅኑ ሲጣሉ ይውላሉና እውነተኛው ፈተና ሲመጣ የሚሰማቸው አያገኙም። አንዳንዶች ደግሞ በሁሉ እሺ ብለው የለመዱ ናቸውና በዚያች ቀን እምቢ ማለት አንደበታቸው አይችልም። የማይደረገውን አስቀድማችሁ በጸሎት ለዩት፤ ፊርማ በሚጠየቅባት ደቂቃ ለማሰብ ጊዜ አይኖርም።

ልሸነግላችሁ አልፈልግም። ሐቀኛ የሆነ ሁሉ ይሾማል ብላችሁ አትጠብቁ። ዮሴፍ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ ነበር ሕልሙን ለወንድሞቹ የነገረው፤ በፈርዖን ፊት የቆመው በ30 ዓመቱ ነው። በመካከሉ ከኃጢአት ስለ ሸሸ የታሰረበት ወህኒ አለ። ሠለስቱ ደቂቅም በእሳቱ ፊት ቆመው አምላካችን ሊያድነን ይችላል ካሉ በኋላ «ባያድነንም» ብለዋል። ያ ቃል በእሳቱ ውስጥ ከተገለጠው ተአምር በፊት የተነገረ ነው፤ እኔ ከተአምሩ ይልቅ እርሱ ያስደንቀኛል። ከዕድገት ዝርዝር የቀረችውን ልጅ ያጽናናኋት በዚህ ቃል እንጂ «እግዚአብሔር የተሻለ ቦታ አዘጋጅቶልሽ ነው» በሚል ተስፋ አይደለም። እርሱ ምን እንዳዘጋጀላት እኔ የማውቀው ነገር የለም። ፊርማዋ እውነተኛ መሆኑን ግን አውቃለሁ።

ገንዘብ ያልነካ ሁሉ መዝገቡ የጸዳ አይደለም። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19ን አንብቡ። «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለው ትእዛዝ የሚገኘው እዚያ ነው፤ በዙሪያው ያሉትን ግን ብዙ ሰው አያያቸውም። ከላይ የሠራተኛ ደመወዝ በእጅህ እስከ ነገ አይደር፣ በወገንህ መካከል በሐሜት አትዙር ይላል፤ ከታች የሚዛንና የመስፈሪያ ነገር ይመጣል። የፍቅር ትእዛዝ በደመወዝና በሚዛን መካከል ተቀምጧል። ስለ ፍቅር ስናወራ ልባችን ወደ ታላላቅ ነገር ይሄዳል፤ እግዚአብሔር ግን ዛሬ የሚከፈለውን ለምን ነገ አልህ ብሎ ይጠይቃል። የባልደረባን ድካም የራስ አስመስሎ ማቅረብ፣ የሥራ ሰዓትን ለግል ጉዳይ ማዋል፣ የተበደሩትን ረስቶ ሰላምታ መስጠት፣ ቃል ሰጥቶ መቅረት፤ ዕድሜ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር የክርስትናችን ስም ብዙ ጊዜ የሚነቀፈው በእነዚህ መሆኑን ነው።

የወደቃችሁበት ነገር ካለ ደግሞ ይህን ስሙ። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ የተናገረው ንስሐ ቁጥር ያለው ንስሐ ነበር። ካለኝ እኩሌታውን ለድሆች እሰጣለሁ፣ ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። በኦሪት ሕግ በደሉን ራሱ የተናዘዘ ሰው የወሰደውን ከነአምስተኛው እጅ ጭማሪ ነበር እንዲመልስ የሚታዘዘው። ዘኬዎስ ከሚጠየቀው አልፎ ሄደ፤ ጌታም መዳን ዛሬ ለዚህ ቤት ሆነለት አለ። ከአንገት በላይ የሆነ ንስሐ «ይቅር በለኝ» ብሎ ወደ ቀጣዩ ጉዳይ ያልፋል። የልብ ንስሐ ግን ማንን ነው የጎዳሁት፣ ምን ያህል ነው፣ እንዴት ይመለሳል ብሎ ይጠይቃል። ጌታችንም መባህን በመሠዊያ ላይ ልታቀርብ ስትል ወንድምህ አንዳች እንዳለብህ ብታስብ መባህን ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ብሏል። መባው ይጠብቃል። ይህን ብቻችሁን አትሸከሙት፤ ለንስሐ አባታችሁ ወይም ምሥጢር ለሚጠብቅ በእምነት ለጠነከረ ታላቅ ተናገሩ። የተደበቀ ኃጢአት ጉልበት የሚያገኘው ከመደበቁ ነው።

ስለ ድካም አንድ ነገር ልበል። በአገልግሎት ላይ ያሉ ወጣቶች ሥራ ውለው፣ ማታ ለልምምድ ሮጠው፣ የዕረፍት ቀናቸውን በስብሰባ ጨርሰው፣ በመጨረሻ እምነታቸው የጠፋ ይመስላቸዋል። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ እሳት ካወረደ በኋላ ከክትክታ ዛፍ በታች ተኝቶ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር መልአኩን ልኮ አልገሠጸውም፤ አበላው፣ አጠጣው፣ እንደ ገና አስተኛው፣ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ከ40 ቀን መንገድ በኋላ በኮሬብ ነው። እግዚአብሔር ርቆኛል ከማለታችሁ በፊት በደንብ ተኙ።

እኩዮቻችሁ በሥራ፣ በትዳር፣ በአገልግሎት ቀድመዋችሁ ሲሄዱ የምታዩ ደግሞ የዮሐንስ ወንጌል የመጨረሻውን ምዕራፍ ክፈቱ። ጴጥሮስ ዮሐንስን አይቶ «ይህስ?» ብሎ ጠየቀ፤ ጌታ «ምን አግዶህ? አንተ ተከተለኝ» አለው።

በመጨረሻ ስለ ጓደኛ። ዳንኤል ብቻውን የቆመ ሰው ይመስለናል፤ ግን አልነበረም። በምዕራፍ 2 ላይ ንጉሡ ሕልሙንም ፍቺውንም ካልነገራችሁኝ ብሎ ጠቢባኑን ሁሉ ሊያስገድል በተነሣ ጊዜ፣ ዳንኤል ከንጉሡ ቀጠሮ ጠየቀና በቀጥታ ወደ ቤቱ ሄዶ ነገሩን ለአናንያ፣ ለሚሳኤልና ለአዛርያ ነገራቸው፤ ከሰማይ አምላክ ምሕረትን እንዲለምኑ ጠየቃቸው። የንጉሥ ሕልም የሚገለጥለት ሰው «ጸልዩልኝ» ብሎ ለመነ። እናንተም ሁለት ወይም ሦስት ሰው ፈልጉ። ብዙ አይሁኑ። ስትደሰቱ የማይቀኑ፣ ስትሳሳቱ የማይሸነግሉ፣ ሰምተው ዝም ማለት የሚችሉ ይሁኑ። ስትገናኙ ስለ ሌላው ሰው ጉድለት ሳይሆን፣ ባለፈው ሳምንት ከጸሎት ስለ ቀራችሁበት ቀን፣ ልትፈርሙ ስለ ተጠየቃችሁት ወረቀት፣ ልትከፍሉ ስለ ዘገያችሁት ዕዳ ተነጋገሩ፤ ከዚያም እርስ በርስ ጸልዩ። ሕልሙ ሲገለጥ ዳንኤል አስቀድሞ እግዚአብሔርን ባረከ፣ ቀጥሎ ለጠቢባኑ ሕይወት ለመነ፣ ሹመቱም ሲመጣ ንጉሡን ስለ ሦስቱ ጓደኞቹ ጠየቀና በባቢሎን አውራጃ ሥራ ላይ ተሾሙ።

በፍቅር፣
አባታችሁ